እግር ስላበጠ ስም አታውጡለት

እስቲ ጫማችሁን አውልቁና ውስጥ እግራችሁን ዳስሱት። ቅስቱ ጋ ጠንከር ያለ እብጠት ካገኛችሁ ቶሎ አትደንግጡ። ሌደርሆዝ የሚባለው ብዙ ሰው የማያውቀው ችግር ሊሆን ይችላል። ስሙ የመጣው በ1894 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ከጻፈው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ነው። እብጠቱ ውስጥ እግርን ደግፎ በያዘው ጅማት ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ ነው። ካንሰር አይደለም፤ አይተላለፍም። ካላሳመመ ብዙ ጊዜ አይነካም። ቢያሳምም በመጀመሪያ ለስላሳ የጫማ ንጣፍ ይሞከራል፤ ምክንያቱም በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ተመልሶ መምጣት ይወዳል።

ይሄ ለቦሌ ልጅ ቀላል ወሬ ነው። ቆሼ ላይ ግን እግር ታሪክ አለው። ከየሀገሩ የተገፉ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጀመሪያ ወደ ዘነበወርቅ ሆስፒታል፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ወደተቋቋመው አለርት ለሕክምና መጥተው፣ ብዙዎቹ በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ። የከተማው ቆሻሻም እነሱው ደጃፍ ተደፋ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲገድል ነው ብዙዎቻችን ሰፈሩን በስሙ የጠራነው።

እና እዚያ ሰፈር አንድ ሰው ቢያነክስ ሐሜቱ ከሐኪሙ ይቀድማል። «የኔ እኮ ያ በሽታ አይደለም» ብሎ መማል ይመጣል።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ መሐላ ነው። እውነት ነው፣ በሽታዎቹ ይለያያሉ። ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመኖር ይመጣል፤ አይተላለፍም፤ ጫማና ሳሙና ይከላከሉታል። ሥጋ ደዌ ነርቭ ይጎዳል፤ የደነዘዘ እግር ስባሪ ጠርሙስ ቢወጋው አይሰማውም፤ ሳይታወቅ ይቆስላል። ግን እሱም ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል።

ታዲያ «የኔ አይተላለፍም» ብለን ራሳችንን ስናድን ማንን ገፍተን ነው? ጎረቤታችንን። እሱም እግሩን በካልሲ ሸፍኖ ይቀመጣል። ቶሎ ቢታይ ያለ ምንም ጉዳት ይድን የነበረ ሰው ጣቱን ያጣል። ጣቱን ያሳጣው በሽታው ብቻ አይደለም፣ የኛም ምላስ አለበት።

የሙያ ጓደኞቼም ስሙኝ፤ «የሥጋ ደዌ ሰፈር» እያላችሁ ርዕስ አትስጡ። እናንተም አንባቢዎች፣ እግሩን የሚደብቅ ሰው ካወቃችሁ ምን እንደሆነ አትገምቱለት። ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ።