ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ኑሮው ግን የእኔ ነው

«ቲቸር፣ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ግቢው አረንጓዴ ነው፣ ለማንበብ ይመችሃል» ነበር ያለኝ ደላላው። አልዋሸም። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ ከጓሮ እንሰት፣ ከደጅ አቮካዶ፣ ዙሪያውን ጽድ። ማታ የባጃጅ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ዝም ማለት የተከራይም ግዴታ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

እንግዳ አታብዛ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በር አታንኳኳ። ልብስ በሳምንት አንዴ እጠብ። ልጅህ አያልቅስ። ኪራይ ሲጨመር ደግሞ ትንፍሽ አትበል። በ14 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጨመረብኝ፣ ከፈልኩ። ለሦስተኛው «አልችልም» ስል፣ «ቲቸር፣ ልጄ ከሳውዝ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ተባልኩ። የተሰጠኝ 15 ቀን ነው፤ ያውም ፈተና በማርምበት ሰሞን። ልጁ አልመጣም። በወሩ ሌላ ተከራይ ገባበት፣ በአዲሱ ዋጋ።

ይህን የጻፍኩት እዘኑልኝ ለማለት አይደለም። ይህን ሳወራ «ቤቱ የራሷ አይደል? ካልተመቸህ መውጣት ነው» ያሉኝ ሰዎች ስላሉ ነው። ከነሱም ውስጥ ራሳቸው ተከራይ የሆኑ አሉ! ሙግቴ ከዚህ አባባል ጋር ነው።

አዎ፣ ቤቱ የራሷ ነው። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሶ ነበር፤ ዛሬ «የቀበሌ ቤት» የምንላቸው የዚያን ጊዜ ናቸው። ያ ይመለስ አልልም። ሰው ለፍቶ የሠራውን መንጠቅ ፍትሕ አይደለም። ግን መንጠቅ ሌላ፣ ሥርዓት ማስያዝ ሌላ። ገበያ ላይ ቲማቲም የምትሸጥ እናት እንኳ ሚዛን አላት። ቤት የሚያከራይ ሰው ብቻ ነው ያለ ሚዛን የሚሸጠው።

ሚዛኑ ደግሞ ተጽፏል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁንና ይመዝገብ ይላል። ዘመኑ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት ባወጣው መጠን ይሁን ይላል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በክልል ደግሞ ክልሎች በወሰኗቸው ከተሞች እንዲሠራ ነው የወጣው። እኔ ግን ሆሳዕና ውስጥ በተመዘገበ ውል የሚኖር አንድም የሥራ ባልደረባ አላገኘሁም። ዱራሜ የሚያስተምሩ ጓደኞቼም የሚነግሩኝ ያንኑ ነው። የሁላችንም ውል በአፍ ነው፤ የአፍ ውል ደግሞ ባለቤቱ የፈለገ ቀን ይፈርሳል።

«ኑሮው ተወዷል፣ ሲሚንቶው ተወዷል፣ እሷስ ምን ትብላ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በኪራይ ብቻ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ይጨምሩ! ግን በዓመት አንዴ፣ አስቀድሞ ተነግሮ፣ በወረቀት። በ2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆነች፤ ከሀዋሳ ሠራተኛው መጣ። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛና የሆስፒታሉ ባለሙያም ቤት ይፈልጋል። ፈላጊ በበዛ ቁጥር ጉልበቱ ወደ አከራዩ ይሄዳል፤ ሕግ የሚያስፈልገውም ለዚህ ጊዜ ነው። ክልላችንና የከተማችን አስተዳደር ውል የሚመዘገብበትን መስኮት ከፍተው ለሕዝቡ ያሳውቁን። የምንጠይቀው ይህንን ነው።

ጥፋቱ የእኛም ነው። «አትናገር፣ ያስወጡሃል» እየተባባልን ዋጋ እንኳ እንደባበቃለን። አንዱ ሲባረር ሌላው ጨምሮ ይገባል። እኔም ብሆን አሁን ወዳለሁበት ቤት የገባሁት ማን ወጥቶ እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው።

በመጨረሻ ለእናንተ፣ ሳውዝ ላላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በእናንተ ላብ የተሠሩ ናቸው። ሱቅ ውስጥ እያደራችሁ በላካችሁት ብር። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ «ነገ ውጡ ይሉን ይሆን?» እያሉ ማደር ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ደውሉና እናታችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ «እማዬ፣ ለተከራዩ ወረቀት ሰጥተሽዋል?»

የክፍል ሥራ አይደለም፣ የቤት ሥራ ነው። መልሱን ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ።