ጭራቁ ከጀግናው ጋር ይደግ?

ጀግና በበረታ ቁጥር ጠላቱም አብሮት መበርታት አለበት? ወይስ ጠላቱ በነበረበት ጸንቶ ጀግናው ሊደርስበት ይገባል? ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ መነሻውም በእርግጥ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ውድ አንባቢ፣ ጥቂት ከታገሡኝ ነገሩ ከጨዋታው ጠረጴዛ ተነሥቶ እስከ መማሪያ ክፍላችን እንደሚዘልቅ አሳይዎታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘውን ጨዋታ ለሕዝብ አቀረቡ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ። ተራኪው ዋሻውን፣ ወጥመዱንና ጭራቁን ይገልጻል፤ ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ የድርጊቱን ዕጣ ባለብዙ ገጽ ዳይስ ይቆርጠዋል። ገጸ ባሕርዩ ባሸነፈ ቁጥር ልምድ ያካብታል፤ ደረጃውም ከፍ ይላል። ተረት እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ ሰሚው ራሱ ተረቱ ውስጥ መግባቱ ነው።

በጨዋታው የመጀመሪያ ዘመን የጠላት ክፋት በጥልቀት ይለካ ነበር። ዋሻው ፎቅ በፎቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛው ከላይኛው ይከፋል፤ ምን ያህል ልውረድ ብሎ የሚወስነው ግን ተጫዋቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ለእያንዳንዱ ጭራቅ የክብደት ቁጥር ተሰጠው፤ ተራኪውም ቁጥሩን 4 አባላት ካሉት ቡድን ደረጃ ጋር እያመዛዘነ ተመጣጣኝ ጠላት እንዲመርጥ ተመከረ። ምክሩ መልካም ነው፤ በመጀመሪያው ምሽት ዘንዶ ያመጣ ተራኪ በሁለተኛው ምሽት ተጫዋች አያገኝም።

ችግሩ ምክሩ ሕግ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን «ኦብሊቪየን» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ እንመልከት። በዚያ ዓለም ፍጥረቱ ሁሉ ከተጫዋቹ ጋር ያድጋል። በመጀመሪያ ተራ ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ የሚያደባው ሽፍታ፣ ተጫዋቹ ደረጃው ከፍ ሲል፣ እጅግ ውድ ጥሩር አጥልቆ ጥቂት ሳንቲም ሊነጥቅ ይመጣል። ብዙ ተጫዋቾች በዚህ አጉረመረሙ፤ እኔም ከአጉረምራሚዎቹ ወገን ነኝ። መበርታቴ የሚታወቀው ትናንት ያሸነፈኝን ዛሬ ሳሸንፈው ነውና። ጠላቴ እኔ በጨመርኩት ልክ ሁልጊዜ የሚጨምር ከሆነ ደረጃዬ የወረቀት ላይ ቁጥር ነው።

ከአረካ ወደ ሶዶ የሚጓዝ ሰው የዳሞታን ተራራ ያየዋል። ዳሞታ የወጪውን ጉልበት አይቶ አይረዝምም፤ ደካማ ሲመጣም ዝቅ አይልለትም። በልጅነቱ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ሰው በጎልማሳነቱ ጫፉ ላይ ሲቆም፣ ማደጉን የመሰከረለት የተራራው አለመለወጥ ነው።

«ታዲያ ጀማሪው እንዴት ይሁን? ተራራው ሥር ተቀምጦ ያልቅስ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከባሕር ማዶ መጠበቅ የለብንም፤ የቅኔ ቤታችን ከጥንት ጀምሮ ይዞታል። በዋሸራም ሆነ በዋድላ ተማሪው በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። 3 ቤት ያላቸውን ዘአምላኪየንና ሚበዝኁን አልፎ ወደ 5 ቤቱ ዋዜማ ይሻገራል፤ ሥላሴና ዘይእዜ 6፣ መወድስ 8 ቤት ሆነው ከፊቱ ይጠብቁታል። የቅኔው ልክ ለማንም አይጠብም፣ ለማንም አይሰፋም፤ መወድስ ለሰነፉም ለጎበዙም ያው 8 ቤት ነው። የመምህሩ ጥበብ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ለማን፣ መቼ፣ የትኛው ይሰጥ የሚለው ላይ። መወድስ የደረሰ ተማሪም ወደ ጉባኤ ቃና ዞር ሲል ቀልሎ ያገኘዋል፤ ያ ቅለት የድካሙ ዋጋ ነው። እንግዲህ ልክ የነገሩ ነው፤ ተራ የመምህሩ ነው። ሁለቱን ያምታታ ተራኪ ጨዋታውን፣ ሁለቱን ያምታታ መምህር ልጁን ያበላሻል።

አሁን ወደ መማሪያ ክፍላችን ልመለስ። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው የተፈተኑት ነበር። ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ቀጣዩም ዓመት ከዚህ እምብዛም አልራቀም። ብዙዎች ፈተናው በአንድ ሌሊት ጭራቅ ሆነ አሉ። እኔ እንዲህ አላምንም። በእኔ አስተያየት ጭራቁ ድሮም በዚያው ልክ ነበር፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ትናንሽ ጭራቆች ናቸው በየክፍሉ እየቀለሉ፣ እየተለዘቡ፣ ለልጁ እየተንበረከኩ ያሳለፉት። ማንበብ ሳይችል 4ኛ ክፍል የገባ፣ ክፍልፋይ ሳይገባው 8ኛን የተሻገረ ልጅ፣ ደረጃው ላይ ቁጥር ተጨመረለት እንጂ ክንዱ ላይ ጉልበት አልተጨመረለትም። በመጨረሻ ያልተንበረከከ ነገር ሲገጥመው ወደቀ። ወድቆም ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ተባለ።

ይህን የምለው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። አረካ ላይ ደብተሩን ይዞ ሲጠፋና ሲበራ በሚውል መብራት የሚያጠናን ልጅ ሰነፍ ለማለት አንደበት የለኝም። የምወቅሰው ምሕረት መስሎት ልኩን የሰወረውን ተራኪ ነው። ለልጅ መራራት ማለት 2ኛ ክፍል ላይ የ2ኛ ክፍልን ጭራቅ በሙሉ ቁመናው አቁሞ፣ ልጁ ሲወድቅ አንሥቶ፣ ደግሞ እንዲገጥም ማድረግ ነው። በ7 ዓመቱ የሚወድቃት ውድቀት ትንሽ ናት፤ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በነጋታው ይመለሳል። ተጠራቅማ በ18 ዓመቱ የምትመጣዋ ውድቀት ግን መመለሻ መንገዷ ጠባብ ነው።

ስለዚህ ለጠረጴዛው ተራኪም፣ ለጥቁር ሰሌዳው ተራኪም ምክሬ አንድ ነው። ጭራቆቻችሁን በየልካቸው በየስፍራቸው አቁሙ፤ የቱ የት እንዳለ ለተጓዡ ንገሩት፤ ከትንሹ አስጀምሩት። ከዚያ በኋላ አታሳድጉለት፣ አታሳንሱበትም። እርሱ ይደግ።

ቸር ይግጠመን።