ከባሮ ዳርቻ ለነጋድራስ ገብረሕይወት

ክቡር ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር፣ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። እርስዎ ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ቢዘገይም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ሥልጣኔ ለምን ይነሣል? ለምንስ ይወድቃል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለብዙ ዓመታት የምመልስላቸው በኢብን ኻልዱን ቃል ነበር። የቱኒዙ ሊቅ ከ600 ዓመት በፊት እንዳስተማረው፣ መንግሥት እንደ ሰው ይወለዳል፣ ይጎለምሳል፣ ያረጃል። ያቆመው የወገን አንድነት በድሎት ሲላላ በሦስት ትውልድ፣ በ120 ዓመት ግድም ያከትማል። የከተማችንንም የወደብ ዘመን በዚሁ ሚዛን እየመዘንኩ «አረጀና ሞተ» እል ነበር።

ታሪኩ ይህ ነው። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ ከባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር። ጨውና ጨርቅ አራግፈው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ኋላ የጣልያን ወረራ መጣ፤ አውራ ጎዳናውም ቡናውን ወደ አዲስ አበባ ሳበው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ መርከብ የለም።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፍዎን ሳነብ ግን ስሕተቴ ገባኝ። በሠላሳዎቹ ዕድሜዎ መጀመሪያ፣ በ1911 ዓ.ም. ስላረፉ፣ መጽሐፍዎን ታትሞ አላዩትም፤ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ነው። የሕዝብ ሀብት ከዕውቀትና ከሥራ እንደሚመነጭ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲገበያይ፣ የብዙ ቀን ድካሙን ለሌላው የጥቂት ሰዓት ሥራ ይለውጣል። ቡናው ከደጋ በጭነት ወርዶ፣ ጥሬ እንደሆነ በዚህ ወንዝ ሄደ፤ ጨርቁ ተሠርቶ መጣ። መርከቡን የሚሠራው እጅ ግን እዚህ አልተማረም። እንግዲህ ወደባችን አርጅቶ አልሞተም፤ ሥር ሳይሰድ ነው የደረቀው። እርጅና መድኃኒት የለውም፤ ያልተተከለ ዕውቀት ግን ዛሬም ሊተከል ይችላል።

ስለ ሰላም ያስተማሩኝንም አልረሳም። ጦርነትና ዝርፊያ የተከማቸውን እየበላ፣ ሕዝብን ወደ መነሻው ይመልሳል ብለዋል። በዚህ ዳርቻ ግጭት በተነሣ ቁጥር ይህ ሲፈጸም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገበያው ይዘጋል፣ ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ፣ የአንድ ቤት የዓመታት ጥሪት በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

መርከቦቹ ሳይመጡ አኙዋክና ኑዌር ባሮን ያውቁት ነበር፤ መርከቦቹ ከሄዱም በኋላ ያውቁታል። ዓሣው የት እንደሚውል፣ ውሃው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል አባት ለልጁ ያስተምራል። ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ዕውቀት መርከብ ቀረ ብሎ እንደማይቀር ማስረጃው ይኸው በፊቴ አለ።

አሁን ተማሪዎቼ ያንን ጥያቄ ሲያነሡ፣ ወደ ወንዙ ይዣቸው ወርጄ «እዚህ ካለፈው ሁሉ በእጃችን የቀረው የትኛው ዕውቀት ነው?» እላቸዋለሁ። ይህን መጠየቅ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነፍስዎን በገነት ያኑርልን።

አክባሪዎ፣
አንድ የጋምቤላ መምህር