ውል አለብን ማለት አፋችን ተለጉሟል ማለት አይደለም!

ጉዳዩ፦ የሰፈራችንን የጥበቃ ሒሳብ ስለማስቀነስ

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

የጥበቃው ወርኃዊ መዋጮ ለብዙ ቤት ከብዷል። ይህ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ጡረተኛው ከጡረታው ላይ ቆርጦ ያዋጣል፤ ጉልት የምትቸረችረው እናት የልጆቿን ደብተር መግዣ ታመጣለች። ከኤጀንሲው ጋር የተዋዋልነው ውል ደግሞ ገና 1 ዓመት ይቀረዋል። ታዲያ ምን ይሻላል ሲባል በየደጃፉና በየዕድሩ ሦስት ዓይነት ወሬ ይናፈሳል። ሦስቱም አይበጁንም። ለምን እንደማይበጁን በግልጽ እንናገራለን፤ የሚከፋው ካለ ይክፋው።

አንደኛው ወገን "ክፍያ እናቁም፣ ምን ያመጣሉ!" ይላል። ጀግንነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሚገባ የተደረገ ውል ተዋዋዮቹን እንደ ሕግ እንደሚያስር ይደነግጋል። የውሉ ግዴታ ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውሉ እንደማይቀርም በቁጥር 1764 ተመልክቷል። ስለዚህ በዘፈቀደ ክፍያ ማቆም ማለት የኤጀንሲውን ጥፋት አንስቶ በራስ ጫንቃ ላይ መጫን ነው። ደግሞስ አስር ቤት ሳይከፍል ሲቀር ጉድለቱን ማን ይሞላዋል? የሚከፍለው ጎረቤት ነዋ! ሁለት መኪና ግቢው አቁሞ "እኔ አልከፍልም" የሚለው ሰው ዕዳውን የሚያሸክመው ለኤጀንሲው ሳይሆን ለዚያች ለጉልት ነጋዴዋ ነው።

ሁለተኛው ወገን "ዘበኛው ተኝቶ ነው የሚያድረው፣ የእሱ ደመወዝ ይቀነስ" ይላል። ይሄ አሳፋሪ ንግግር ነው። የእኛ ሒሳብ የተወደደው ዘበኛው ስለጠገበ አይደለም። እኛ የምንከፍለው ለኤጀንሲው ነው። ኤጀንሲው የራሱን ድርሻ ያነሳል፣ ቫት 15 በመቶ ይታከልበታል፤ ዘበኛው እጅ የሚደርሰው የተረፈው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በራችን ላይ ግን ቀንና ሌሊት አከታትለው የሚቆሙ አሉ። ብርድ የመታውን፣ እንቅልፍ ያጣውን ሰው ኪስ አራቁቶ "ከሌባ ጠብቀኝ" ማለት ምን ዓይነት ብልጠት ነው? "ኤጀንሲውን ትተን ከዘበኞቹ ጋር በጓሮ እንስማማ" የሚሉም አሉ። ውላችን ይህን ይከለክላል። በጓሮ የተስማማ ሰው ነገ ፊት ለፊት ሲጠየቅ የሚመልሰው የለውም።

ሦስተኛው ወገን "ውል ውል ነው፣ ጊዜው እስኪያልቅ ዝም ብለን እንክፈል" ይላል። ይህ የጨዋ ቃል ይመስላል፤ ከሦስቱ ግን ኪሳችንን የበለጠ የሚጎዳው ይሄው ነው። ውሉ እኮ እኛን ብቻ አይደለም የሚያስረው፤ ኤጀንሲውንም ያስራል!

እስቲ እንቁጠር። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሁለት በር ሲሆን 336 ሰዓት ይሆናል። ለ48 ሲካፈል 7 ሰው ይመጣል። በየወሩ የምንከፍለውም ለ7 ሰው ነው። በሥራ ላይ ስንት ሰው አለ? 12 ሰዓት እንደ አንድ ፈረቃ ቢቆጠር ለሁለቱ በሮች በሳምንት 28 ፈረቃ ነው። ተረኛ ነዋሪዎች ባለፈው ወር በያዙት መዝገብ ግን በየሳምንቱ 4 ፈረቃ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል፤ አንዱ ዘበኛ ሁለቱንም በር እየተመላለሰ ያድራል። ከ28 ላይ 4 ማለት ሰባተኛው እጅ ነው። ከምንከፍለው ከእያንዳንዱ 7 ብር 1 ብሩ ላልተሠራ ሥራ እየሄደ ነው ማለት ነው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ መነጋገር ያለብን ዛሬ ነው።

ስለሆነም የማኅበሩ ኮሚቴ የሚከተለውን ያቀርባል፦

1. የፈረቃ መዝገቡ ይቀጥል። ገቢው ዘበኛም ወጪውም ይፈርሙ፤ ተረኛ ነዋሪ ያረጋግጥ። ዘበኛውን ለመሰለል አይደለም፤ ያልመጣ ሰው በመጣው ስም እንዳይቆጠር ነው።

2. ለኤጀንሲው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1771 ውሉ ያልተፈጸመለት ወገን እንዲፈጸምለት ወይም እንዲፈርስለት፣ ኪሣራም እንዲከፈለው ለመጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ቁጥር 1772 ደግሞ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ይላል። ባዶ የሆነው ፈረቃ በቀንና በሰዓት ተዘርዝሮ የ15 ቀን ጊዜ ይሰጠው፤ ወይ ሰው ይሙላ፣ ወይ ከሒሳቡ ይቀንስ።

3. ደረሰኙ ተዘርዝሮ ይቅረብልን። የዘበኞቹ ደመወዝ ለብቻ፣ የኤጀንሲው ድርሻ ለብቻ፣ ቫቱ ለብቻ። ቅናሽ ስንጠይቅ ከየትኛው መስመር እንደምንጠይቅ እንወቅ። ከደመወዙ መስመር አንጠይቅም።

4. የታችኛው በር ቀን ቀን ይዘጋ። ይህ ብቻውን ከ28ቱ ፈረቃ 7ቱን ያስቀራል፤ ሩቡ ነው። ከታች ያሉ ቤቶች ዞረው መግባት እንደሚቸግራቸው አልዘነጋንም። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ ቁልፉ በቅርብ ካሉ ሁለት ቤቶች ይቀመጥ። የሚነሱት ዘበኞች ከሥራ ሳይወጡ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ በደብዳቤው ላይ ይጠየቅ።

5. ኤጀንሲው የሚስማማበት ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለቱም ወገን ፈርመው ከውሉ ጋር ይያያዝ። በስልክ "እሺ፣ እናስተካክላለን" መባል ሰልችቶናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

እስከዚያው መዋጮው በወቅቱ ይከፈል። ከፍሎ የሚጠይቅ ሰው ቃሉ ይከብዳል፤ ዕዳ ይዞ የሚጮህን ግን ማንም አይሰማውም።

ይህን ሰሌዳ የኤጀንሲው ተቆጣጣሪም እንደሚያነቡት እናውቃለን። ለእርሳቸውም አንድ ቃል አለን፦ ከእናንተ ጋር ጠብ የለንም። የተዋዋልነውን 7 ሰው ብታቆሙ የ7 ሰው እንከፍላለን። የምታቆሙት ስድስት ከሆነ የስድስት አስከፍሉን። ከ1 ዓመት በኋላ ውሉ ይታደስ ወይስ ሌላ እንፈልግ ስንል የምናገላብጠው ይህንኑ መዝገብ ነው።

ነዋሪዎች ሆይ! ደብዳቤው በአንድ ሰው ስም ቢሄድ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ የሰፈሩ ሁሉ ፊርማ ካለበት ግን መልስ ያገኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ በመጪው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተገኝታችሁ እንድትፈርሙ እናሳስባለን። መምጣት የማይችሉ አረጋውያን ቤት መዝገቡን ይዘን እንመጣለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ