ያራሷ መሶብ ለምን ባዶ ሆነ?

ሰሞኑን ኢስት ኮልፋክስ ዳር አንዲት አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ገንፎ ይዤ ብገባ እሷ ደረቅ ዳቦ በሻይ ትበላለች። ልጁ 5 ሳምንቱ ነው፤ አመሻሹ ላይ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ይጮሃል። ጠያቂው ሁሉ አንድ አንድ ነገር ሲከለክላት ሽሮው፣ በርበሬው፣ ጎመኑም ቀርቶባታል። «እትዬ፣ ወተትሽ ነው የሚያመው አሉኝ፤ ጡት ላስጥለው ነው» ስትለኝ ቁጭ አልሁ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ለቅሶ ሐኪሞች ኮሊክ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ዶክተር ዌሰልና ባልደረቦቹ ባወጡት መለኪያ መሠረት፣ ደኅና የሚጠባ ልጅ በቀን ከ3 ሰዓት፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት አልፎ ሲያለቅስ ነው። 6ኛው ሳምንት ግድም ይብሳል፤ በ3 ወይም በ4 ወር ይተዋል።

ሽሮና በርበሬን የሚያስከስስ የረባ ማስረጃ የለም። የሚጠረጠረው የላም ወተት ነው፤ ፕሮቲኑ በእናቲቱ ጡት አልፎ አንዳንዱን ልጅ (ሁሉንም አይደለም) ያውካል። ሐኪም «ለ2 ሳምንት ወተት ተዪና እንይ» ቢል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሽሮን በዘይት መሥራት ማን ያስተምረናል? ወተት፣ አይብና ቅቤ ይቀራል፤ ሥጋውና እንቁላሉ ይበላል። ለውጥ ከሌለ ወደ ወተቷ ትመለስ። ጡት ማስጣል ግን መድኃኒቱ አይደለም።

እናቷ ከጎንደር ደውለው «ትንሽ ቅቤ አቅምሺው» ብለዋታል። እኔም ልጆቼን ቅቤ አስውጬ ነው ያሳደግሁ፣ አልዋሽም። ዛሬ ግን 6 ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ውኃም አይሰጠው። ማርማ ዓመት ሳይሞላው ከቶ አይቅመስ፤ ቦቱሊዝም የተባለ ጡንቻ የሚያዝል በሽታ ያመጣል። አብሽ የምትጠጣ እናትም ለሐኪሟ ትንገር፤ የልጁ ሽንት እንደ ሽሮፕ ሲሸት ሌላ ከባድ በሽታ መስሎ ሐኪም አሳስቷል።

ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም አልጠባም ካለ ግን ኮሊክ ነው ብሎ መቀመጥ የለም፤ ያኑኑ ሌሊት ሆስፒታል ነው።

«አንዳንዴ ልወረውረው ይቃጣኛል» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አልተቆጣኋትም። በጀርባው አልጋው ላይ አስተኝተሽ፣ በሩን ዘግተሽ 10 ደቂቃ ውጪ፤ ለቅሶ አይገድለውም፣ መነቅነቅ ግን አንጎሉን ያደማል አልኋት።

ልጁን ተቀብያት ኮሪደሩን ስመላለስ ገንፎውን በላች። ባሏ ከሌሊት ታክሲው ሲመለስ ተኝታ አገኛት።