ውኃ በጀሪካን ለሚገዛ ጓሮ

ከድሬዳዋ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ግቢዬ ውስጥ አራት ፓፓያና ሁለት ማንጎ አሉኝ። ቧንቧው ሲጠፋ ውኃ በጀሪካን እገዛለሁ። ልጆቼ ነቅለሽ ጣያቸው ይሉኛል። ልንቀላቸው ይሆን?»

አይንቀሏቸው፤ አጠጣጡን ግን ይለውጡ። ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅ፤ እሱም የሚወርደው በበልግና በክረምት ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ዛፉ ያለው በእርስዎ እጅ ነው።

ብዙ ሰው ማታ ማታ አንድ ጆግ ግንዱ ሥር ያፈሳል። ይህ ላይ ላዩን ያርሳል፣ በማግስቱ ፀሐይ ትወስደዋለች። ውኃው ጨዋማ ከሆነ ደግሞ ጨው አፈሩ ላይ ይከማቻል፤ የቅጠሉ ጠርዝ የተቃጠለ የሚመስለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ ነው። እኔ የየቀኑን ጆግ አጠራቅሜ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር፣ ቀስ አድርጌ ነው የምሰጠው። ሥር ለሰደደ ዛፍ ቦታው ግንዱ ሥር አይደለም፤ የቅርንጫፉ ጥላ የሚያልቅበት ዙሪያ ነው። ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች የሚበዙት እዚያ ነው።

የሁለቱ ጠባይ ግን ለየቅል ነው። ፓፓያ ጥም አይችልም፣ አበባውን ያረግፋል፤ ውኃ ቢተኛበትም ሥሩ ይበሰብሳል። ማንጎ ካፈራ በኋላ ታጋሽ ነው። እንዲያውም ከማበቡ በፊት ሁለት ወር ያህል ውኃ ቢከለክሉት በደንብ ያብባል፤ ፍሬው አተር ሲያህል ይመለሱለት። በእነዚያ ወራት የማንጎው ጀሪካን ለፓፓያው ይሁን። ገና ችግኝ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፣ አይከልክሉት።

ከጀሪካኑ ይልቅ ገንዘብ የሚያድነው ጉዝጓዝ ነው። አፈሩ ከራሰ በኋላ የማሽላ አገዳ፣ ጭድ ወይም የረገፈ ቅጠል አራት ጣት ያህል ያልብሱት። የጫት ገረባም ይሆናል፤ ድሬዳዋ ገረባ አይቸግርም፣ የሚቸግረው ፍየሎቹን መከልከሉ ነው። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁት፤ አለዚያ ልጡ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይሸሸግበታል። ሲያጠጡ ገለጥ አድርገው ይመልሱት፤ ደረቅ ጭድ ራሱ ውኃውን ይጠጣዋልና።

ለችግኝ ሌላም ዘዴ አለ፦ ያልተለሰነ የሸክላ ገንቦ እስከ አንገቱ ከጎኑ ቀብሮ ውኃ መሙላት። ሸክላው ጥቂት በጥቂት ያንጠባጥባል። አፉን ግን ይክደኑት፤ ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. በደንጌ ትኩሳት ተሠቃይታለች፣ የደንጌ ትንኝ ደግሞ የምትራባው እንዲህ ባለ የቤት ውኃ ላይ ነው።

ከአራቱ ፓፓያ አበባው በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ የሚዘረጋ፣ ፍሬ ግን የማይዝ ካለ ወንዴ ነው። የእሱ ጀሪካን ለሌሎቹ ይድረስ፤ ልጆችዎ ካልነቀልን ካሉ እሱን ይስጧቸው።