ጠመንጃው ለተኳሹስ ደህና ነው?

ስለ ጦር መሣሪያ ስንከራከር ሁሌም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማን ይያዝ? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህም ወሬያችን ከዚያ አልወጣም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሌላም መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረው ጠመንጃ ለተኳሹ ለራሱ ደህና ነው ወይ?

ነገሩን ላስረዳ። ጥይት ሲተኮስ ግፊቱ እርሳሱን ወደ ፊት ብቻ አይገፋም፤ ቀለሁንም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያንን ግፊት ተሸክሞ የተኳሹን ፊት የሚጠብቀው ከኋላ የሚቆለፈው ብረት፣ መዝጊያው ነው። ጥይቱን ወደ ፊት እንዳያልፍ ከሚይዘው ቦታ እስከ መዝጊያው ፊት ያለው ርቀት በሙያው ቋንቋ ሄድስፔስ ይባላል። ርቀቱ ከሰፋ ቀለሁ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፤ ይሰነጠቃል፤ ሲብስም ለሁለት ይበጠሳል። ያን ጊዜ የጋለው ጋዝ ወደ ኋላ ያመልጣል። እዚያ ያለው ደግሞ የሰው ዓይን ነው።

ሰፋ የሚባለው ምን ያህል ሲሆን ነው? በጋራንድ ጥይት ብናየው፣ በትንሹ መለኪያና «ከዚህ በላይ አትተኩስ» በሚለው ትልቁ መለኪያ መካከል ያለው ልዩነት ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ዓይን አያየውም። ገዥው አፈሙዙን ቢያይ፣ ሰደፉን ቢዳብስ፣ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ቢተኩስ አያውቀውም። ዛሬ የቻለ ቀለህ በአሥረኛው ተኩስ ሊበጠስ ይችላል።

አገራችን ውስጥ ያለው የመሣሪያ ዓይነት ደግሞ ብዙ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅግ የተገዛው ማውዘር፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ካርካኖ፣ የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ፣ በኋላም የአሜሪካ እርዳታና ክላሽ። በዚህ ሁሉ ዘመን የአንዱ መዝጊያ ለሌላው ተሰጥቷል። «ገጠመ» ማለት «ልኩ ነው» ማለት አይደለም። ቁጥር 4 የሚባለው ሊ ኤንፊልድ የመዝጊያ ጫፉ ከ0 እስከ 3 በቁጥር ተለይቶ የተሠራው ልኩ ከጠመንጃ ጠመንጃ ስለሚለያይ ነው። ክላሽም ቢሆን መዝጊያው ከሌላ ክላሽ ከመጣ መለካት አለበት።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ባለሙያው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጣል፤ የጥይቱን ማረፊያ ያጸዳል፤ መርፌውንና ቀለህ ጎታቹን ከመዝጊያው ያወጣል። ከዚያ ለዚያው ጥይት በተሠራ የብረት መለኪያ ላይ መዝጊያውን በጣቱ ብቻ፣ ሳያስገድድ ይዘጋል። በትንሹ መለኪያ ላይ መዘጋት አለበት። በትልቁ ላይም ከተዘጋ ያ ጠመንጃ ከእንግዲህ መተኮስ የለበትም። መለኪያ በሌለበት ቢያንስ ሁለት ነገር ይታያል፦ የመዝጊያውና የአካሉ የመለያ ቁጥር አንድ መሆኑ፣ እንዲሁም የተተኮሰው ቀለህ። ከቀለሁ ጀርባ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየ፣ ወይም ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ከውስጥ ሲዳብሰው ቦይ ካገኘ፣ ቀለሁ ሊበጠስ ተቃርቧል። ምልክቱ አለመታየቱ ግን ዋስትና አይሆንም።

«አያቴ የተኮሰበት ነው፤ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ያው ነው፤ አያት የተኮሱበትን ያህል ብረቱም በልቷል። «ይህማ መሣሪያ መያዝን ማበረታታት ነው» የሚልም አለ። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። «አስረክብ» ሲባል ጠመንጃውን የሚደብቅ ገበሬ፣ «ዓይንህን እንዳያጠፋ እንለካልህ» ቢባል ይዞት ሊመጣ ይችላል። ልኩን ያለፈው ይመዘገባል፤ የወደቀው ከአገልግሎት ይወጣል።

እንግሊዝ አገር ያልተፈተሸ ጠመንጃ መሸጥ ወንጀል ነው፤ ሕጉ ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከእኛ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችም አሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። እዚያ አሮጌ ጠመንጃ የገዛ ሰው ከመተኮሱ በፊት በባለሙያ እንዲያስለካ ይመከራል። እዚህ የቀረው መንትያ ጠመንጃስ ማን ይለካዋል?

ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው አካል የመለያ ቁጥር ሲመዘግብ መለኪያም ይያዝ። ዞን ላይ አንድ የሠለጠነ ባለሙያና የጥቂት ጥይት ዓይነቶች መለኪያ መመደብ ከአቅማችን በላይ አይደለም። እስከዚያው ድረስ ያልተለካ አሮጌ ጠመንጃ በእጃችሁ ካለ፣ ለሠርግም ለለቅሶም አትተኩሱበት።